ለሥራ ብቻ የሚውል ክፍል

የእህቱ ባል የሰደበው ባለፈው ረቡዕ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ሰዓቱን በደንብ ያውቀዋል፤ ያን ቀን ከቤት ሳይወጣ አርፍዶ መላጫውን ሊወስድ በካኒቴራ፣ በእግሩ ጣት እየረገጠ እንደ ሌባ ወደ ገዛ ክፍሉ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሰዓት ፊት ለፊቱ ነበረች። ክፍሉ ውስጥ ስብሰባ ነበር። ከአንድ ሰው በቀር ማንም የለም፣ ግን ስብሰባ ነበር። ስምንት ፊቶች ኮምፒዩተሩ ላይ ተደርድረው ያፈጣሉ፤ የእህቱ ባል ከወገቡ በላይ ኮትና ክራቫት፣ ከወገቡ በታች የመኝታ ሱሪ ለብሶ ያስረዳል። ከስምንቱ አንዷ ሳቋን አፍና «ከኋላህ ያለው ማነው?» አለች። የእህቱ ባል ዞር ብሎ እንኳ አላየም። «ማንም አይደለም፣ እንቀጥል» አለ። ቀጠሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን እስከ ማታ ረስቶት ያድር ነበር። እሱ ግን ስድብ አይጥልም። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አጠገብ ቆሞ የሰማውን ሰው ጭምር ያስቀምጣል። የስድስተኛ ክፍል አስተማሪው «አንተ ጭንቅላት የተሰጠህ ሸክም ልትሸከምበት ነው» ያለው አርብ ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ፣ አርባ ሁለት ልጅ ፊት ነው፤ ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ትምህርት ቤት አልሄደም። የሕንፃው አስተዳዳሪ «አሳንሰሩ ይሸታል ይላሉ፣ አንተ ትሆን እንዴ?» ያለው በዝናብ ቀን፣ ሦስት ጸሐፊዎች ቆመው ነው። የእህቱ ባልም ድሮ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ይል እንዳልነበር፣ ከሠርጉ በኋላ ሁለተኛው እሑድ ላይ፣ ምሳ ቀርቦ፣ «እስቲ ጨውን አቀብለኝ» አለው። ማንም ልብ አላለም። እሱ ግን ጨውን አቀበለና ያን ቀን ምሳው ሳይጣፍጠው ተነሳ።

ሥራው ሊፍት ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ፣ አንድ ሜትር ከሃያ በአንድ ሜትር ከሃያ በሆነች ሳጥን ውስጥ ቆሞ ሰው ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሯል። የእህቱን ባል ያወቀውም እዚያችው ሳጥን ውስጥ ነው። ልጁ ለመጀመሪያ ቀን ሥራ ሲገባ ፋይሉ ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ፤ «አይዞህ፣ አለቃዋ ሻይ ሳትጠጣ አትግባባት» ብሎ የመከረው እሱ ነው፤ ቆይቶም ከእህቱ ጋር ያስተዋወቀው እሱ ነው። ልጁ አደገ። ወፍራም መነጽር አደረገ። ባለፈው ዓመት ደግሞ ሃያ ሁለት ገጽ ጥናት ጻፈ፤ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን ከቤታቸው ቢያሠራ የሚያገኘው ጥቅም የሚል። አንድ ማታ ሳሎን ተቀምጦ ለሚስቱ ጮክ ብሎ ሲያነብላት እሱ ኮሪደሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ ሰማው። የአራት ፎቅ ኪራይ ይቀራል። መብራት ይቀራል፣ ውሃ ይቀራል። ሰው መንገድ ላይ የሚያጠፋው ሁለት ሰዓት ለሥራ ይውላል። ጉንፋን የያዘው ሠራተኛ ፈቃድ መጠየቁን ይተውና ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ይሠራል። ከሩቅ ከተማ ያለ ጎበዝ ባለሙያ እዚያው ባለበት ይቀጠራል። ከዚያ ትንንሾቹ ወጪዎች መጡ፤ ሳሙና፣ የሊፍት ሠራተኛ፣ ሻይ። በሳሙናና በሻይ መሀል ነው ያስገባው። ሰውዬው ጫማውን በእጁ እንደያዘ በጥናቱ ውስጥ ውሸት ፈለገ፣ አላገኘም። ሁሉም እውነት ነው። መሥሪያ ቤቱ በእርግጥ ተጠቀመ፤ በሦስት ወር ውስጥ አራቱን ፎቅ ለቀቀ፤ በአራተኛው ወር ሊፍቱ ሠራተኛ አያስፈልገውም ተባለ። እህቱ ቤት ውስጥ ያለችው ትርፍ ክፍል ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮ ሆነች። ትርፍ የተባለችው እሱ የሚተኛባት ክፍል ናት።

ማክሰኞ ጠዋት እንደ ልማዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በፊት አልጋውን አንጥፎ ወጣ። ወጥ ቤት ውስጥ እህቱ ብርጭቆ ታጥባለች። ንጹሕ ብርጭቆ ነው የምታጥበው፤ ሲያያት ገባው።

«ጋሽዬ፣ ዛሬ ትንሽ ቆየት ብለህ ብትገባ…»

«እስከ ስንት?»

«አንድ ሰዓት፣ አንድ ተኩል። ሲመሽ በቃ።» ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንስታ አየችው። «ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ይመጣሉ። አለቃቸው ራሷ። ከቤት የሚሠራ ሰው እንዴት እንደሚሠራ ፎቶ አንስተው በመጽሔታቸው ሊያወጡት ነው። ከስንቱ ሠራተኛ የኛ ቤት ነው የተመረጠው።»

«እሰይ።»

«ጥሩ ከሆነ የሥራ ክፍሉ ኃላፊ ያደርጉታል። የቤት አበልም አለው።» ቀጥሎ ያለውን ለማውጣት ሌላ ብርጭቆ አነሳች። «ፎርም ሞልተናል። ክፍሉ ለሥራ ብቻ ነው፣ ሌላ ሰው አይገለገልበትም የሚል አለው። እንዳትቀየም። ውሸት ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የሱ ሥራ ራሱ… ታውቀዋለህ አይደል፣ እነሱ ፊርማ ላይ ቀልድ አያውቁም።»

ፎርሙ ዳቦ መቁረጫው አጠገብ ነበር። እያነበበ መሆኑ እንዳይታወቅበት ዳቦ እየቆረጠ አነበበው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፣ ስለዚህ ወፍራም ቁራጭ ደረሰው። «ክፍሉ ውስጥ የሚያድር ሰው አለ?» ይላል ጥያቄው። ከፊት ለፊቱ «የለም» ተብሎ ተጽፏል። እጅ ጽሑፉ ክብ ክብ ያለ፣ የሚያምር ነው። የእህቱ ባል ጽሑፍ እንደ ዶሮ ጭረት ነው፤ ይሄ የሱ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክትጨርስ በሊፍት ደመወዙ ደብተር የገዛላት ልጅ ጽሑፍ ነው። ዳቦውን በወረቀት ጠቀለለና ወጣ። ሲወጣ በክፍሉ በር በኩል አየ፤ እሱ ዳቦ ሲቆርጥ አዲስ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ካፖርቱን የሚያንጠለጥልበት ሚስማር ላይ የባሕር ሥዕል ተንጠልጥሏል፤ የልብስ ሳጥኑ በረንዳ ላይ ወጥቶ ፕላስቲክ ለብሷል። ለዛሬ ብቻ ከሆነ ሳጥን በፕላስቲክ አይሸፈንም።

ከቤት የተባረረ ሰው ቀኑን የት ያሳልፋል? መጀመሪያ ሰሞን መናፈሻ ሞከረ፤ ሁለተኛው ቀን ላይ አትክልተኛው «አባት፣ ሰው እየጠበቁ ነው?» አለው፤ ሦስተኛውን ቀን አልሄደም። ሻይ ቤት ሞከረ፤ አንድ ሻይ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው የምታስቀምጠው፣ የሻይ ዋጋ ደግሞ ከእህቱ ባል ጋር አብሮ አድጓል። መጨረሻ ላይ እግሩ ራሱ መረጠለት። አሥራ ስምንት ዓመት የለመደውን መንገድ ይዞ እዚያው ሕንፃ ይሄዳል። በሩ ላይ ክረምት ከበጋ የወታደር ካፖርት የሚለብስ ዘበኛ አለ፤ ጄኔራል ይሉታል።

«አንተ ሰውዬ» አለ ጄኔራል ገና ከሩቅ ሲያየው፣ «ደመወዝ ሲከፈልህ እንኳ እንዲህ ሰዓት አታከብርም ነበር!»

«እግሬ ነው ያመጣኝ።»

«እግርህን ሐኪም አሳየው። ጤና አይመስለኝም።» ከመቀመጫው ተነስቶ ቦታ ለቀቀለት። ከዚያ ፊቱን አየና ቀልዱን ተወ። «ምነው? ዛሬ ደግሞ ማን ነካህ?»

ነገረው። ስለ ፎቶው፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ ፎርሙ። ማን እንደጻፈው ግን አልነገረውም። ጄኔራል አገጩን እያከከ ሰማውና ድንገት ሳቁ ፈነዳ፤ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ቆይ እስቲ! ቢሮው አንተ ቤት ሄደ፣ አንተ ቢሮው ጋ መጣህ! ተለዋወጣችሁ እኮ! ሂድ ውጣ፣ አምስተኛ ፎቅ ባዶ ነው፣ የእህትህ ባል ወንበር የነበረበት ቦታ ሂድና ተንጋለል። ሂሳባችሁ ይዘጋ!» እሱም ሳቀ። ለራሱ ሳይቀር ገረመው፤ ከሳቀ ቆይቷል።

ሊፍቱ ተቆልፏል። ለሦስት ተከራይ ሲባል መብራት አይበላም ብለው ነው። ስለዚህ ሊፍተኛው በደረጃ ወጣ። ይሄን ሁሉ ዘመን ሰው ሲያወጣ ደረጃውን ረግጦት አያውቅም ነበር፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቱን ይዞ ቆመ፤ እንዲህ የሚያደክም ነገር ላይ ነው ለካ የኖርኩት አለ በልቡ። አምስተኛው ፎቅ ሜዳ ሆኗል። ምንጣፉ ላይ ጠረጴዛዎቹ የቆሙባቸው አራት አራት ጉድጓዶች ቀርተዋል፤ ሽቦዎች ከግድግዳው ወጥተው ተቆርጠዋል፤ ከመስኮቱ ሥር አንድ የሴት ጫማ አለ፣ አንድ እግር ብቻ። መብራት ማጥፊያው አጠገብ «መጨረሻ የሚወጣ ያጥፋ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። መስኮቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን በላ። በዚህ ሰዓት እዚህ ይሰማ የነበረውን አሰበ፤ ስልክ፣ ተረከዝ፣ ማተሚያ ማሽን፣ «ጋሼ፣ ያዙልን!» እያለ ወደ ሊፍቱ የሚሮጥ ሰው። እነዚያ ሰዎች ይጠሉት ይሁን ይውደዱት አያውቅም። ግን ጠዋት ሁለት መቶ ሰው፣ ማታ ሁለት መቶ ሰው ትከሻው ለትከሻው እየነካው ያልፍ ነበር። አሁን ሰው ሳይነካው የሚያልፍ ሳምንት አለ። እህቱ እንኳ ሳህን ስታቀብለው ጠረጴዛው ላይ ነው የምታስቀምጥለት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። ባዶው ፎቅ ውስጥ የራሱ ስልክ አስደነገጠው።

«ጋሽዬ፣ የት ነህ?»

«ሥራ ላይ» አለ፤ ከአፉ ወጣ እንጂ ሊል ያሰበው ይሄን አልነበረም። እህቱ እንዳልሰማች ለመሆን ጊዜ እየወሰደች እንደሆነ ገባው።

«አልጋው አልፈታ አለን» አለች በመጨረሻ። «አንዱ ብሎን እንቢ ብሎ፣ እሱ ደግሞ ሊሰብረው ነው። እነሱ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚመጡት። አንተ ታውቀዋለህ አይደል? እባክህ።»

ያውቀዋል። የብረት አልጋ ነው፤ ከመጀመሪያ ዓመት ደመወዙ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛው። ከአራቱ ብሎኖች አንዷን አንድ ብረት ሠሪ በግልባጭ አስገብቷት በተቃራኒው ካልዞረች አትወጣም። ይሄን ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ካልፈታሁት አይፈታም ብሎ ማሰቡ፣ እውነት ለመናገር፣ መንገድ ላይ ደስ አሰኘው፤ እርምጃውን አፈጠነ። የገዛ አልጋውን ሊያፈርስ እየተቻኮለ መሆኑ ትዝ ያለው ሰፈር ከደረሰ በኋላ ነው።

የእህቱ ባል አዲስ ኮት፣ አዲስ ክራቫት፣ ዛሬስ ከወገቡ በታችም ሱሪ አድርጎ፣ ፒንሳ ይዞ ወለሉ ላይ ተንበርክኳል። ግንባሩን አልቦታል። «መጣህ? ይሄ ነገር ዝጓል መሰለኝ» አለና ፒንሳውን ሰጠው። «አልዛገም» አለ እሱ፤ ከዚህ በላይ አልተነጋገሩም። ጎንበስ ብሎ ብሎኗን በግልባጭ ሲያዞራት ለስለስ ብላ ወጣች። ሌሎቹን ሦስቱን ፈታ። ፍራሹ ቀድሞ ሳሎን ሶፋው ኋላ ተደብቋል። አዲሱ ጠረጴዛ እዚያው አልጋው የነበረበት ቦታ መጥቶ ቆመ፤ ጎረቤት ያዋሰቻቸው የአበባ ማሰሮ ተቀመጠበት። እህቱ መጋረጃውን ለአራተኛ ጊዜ አስተካከለችና «ሜትሩ ስንት እንደሆነ ብትሰማ አታምንም» አለች፤ ለማን እንደተናገረች አይታወቅም፤ ማንም ስንት ነው ብሎ አልጠየቃትም። እሱ የአልጋውን ራስጌ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ በረንዳው ሊያወጣ ኮሪደሩ መሀል ሲደርስ የውጭው በር ተንኳኳ። ገና ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው።

የመጣችው አለቃዋ ናት፤ ከኋላዋ ካሜራ ያንጠለጠለ ወጣት አለ። «ቀድመን ደረስን፣ ይቅርታ!» አለች እየሳቀች፤ «መንገዱ እንዴት ደስ ይላል፣ ባዶ! ሰው ሁሉ እኮ ቤቱ ነው!» ከዚያ ኮሪደሩ ላይ፣ በብረት ራስጌው ዘንጎች መሀል የሚያያትን ፊት አየች። ሳቋን አቋርጣ ጠጋ አለች።

«እንዴ! እርስዎ የሊፍቱ አይደሉም እንዴ? ስምንተኛ እያልኩ ሳልነግርዎት የሚያወጡኝ?»

«ነኝ» አለ።

«ዕቃ ሊያግዘን መጥቶ ነው» አለ የእህቱ ባል ከክፍሉ ፈጥኖ ብቅ ብሎ። «አሮጌ አልጋ ነገር ነበር፣ ልናስወጣው…»

«ጎሽ፣ ጥሩ አድርጋችኋል!» ሴትየዋ ከልቧ ነው የምትናገረው፤ ፊቷ ላይ ሽንገላ የለም። «እኔ እኮ ስለ እርስዎ ሁሌ ነው የማስበው። ያን የመሰናበቻዎን ወረቀት ስፈርም እጄ ነው የከበደኝ። ከሁሉ ከሁሉ የናፈቀኝ ደግሞ ምን መሰለዎት? ጠዋት ጠዋት ደህና አደሩ ሲሉኝ። አሁን ከእንቅልፌ ተነስቼ ስብሰባ ስገባ ደህና አደርሽ የሚለኝ ሰው የለም፤ ድምፅሽ ይቆራረጣል ነው የሚሉኝ።» ካሜራ ያዡ ሳቀ። እሷ ቦርሳዋን ከፍታ ማስታወሻ ደብተር አወጣች። «ለመጋዘናችን እምነት የሚጣልበት ሰው እየፈለግን ነው። ሰው ልላክብዎት። አሁን የት ነው የሚኖሩት?»

ጥያቄው ቀላል ነው። አንድ ቃል ይበቃዋል። እዚሁ። እጁን እንኳ ማንሳት አያስፈልገውም፤ በአገጩ ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ አበባው፣ ወደ ባሕሩ ሥዕል ቢያሳይ ይበቃል። የአርቡን አስተማሪ፣ የዝናቡን አስተዳዳሪ፣ የእሑዱን ጨው፣ የረቡዑን ስብሰባ፣ ሁሉንም በአንዲት ቃል ይከፍላቸዋል። የእህቱ ባልም ይሄን አውቆታል፤ ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ዓይኑ ላይ ተክሎ ያየዋል፤ ከንፈሩ ነጥቷል። «ጋሼ…» አለ ቀስ ብሎ፤ «እርስዎ ደክሞዎታል፣ ያን ነገር ያስቀምጡት…» «እርስዎ» ማለቱ ተመለሰ። እሱ ግን የእህቱን ባል አልነበረም የሚያየው። እህቱ ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ የታጠቡትን ብርጭቆዎች በትሪ ይዛ ቆማለች። ወንድሜ ነው ብትል እሱ የሚኖርበትን ቦታ ሌላ ፈጥሮ ይናገር ነበር፤ ታላቅ ወንድሟ ነኝ፣ ልጠይቃት መጥቼ ነው ብሎ፣ ፎርማቸውንም ፎቶአቸውንም ያድንላቸው ነበር። ዝግጁ ነበር። ሰፈሩን ሳይቀር መርጦ ነበር። ጠበቃት። ሴትየዋ እስክሪብቶዋን ደብተሩ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ ካሜራ ያዡ ይጠብቃል። እህቱ ትሪው ላይ ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እያየች ቆጠራው የጠፋባት መሰለች፤ ቀና አላለችም።

የአልጋውን ራስጌ አዲሱን ቀለም እንዳይጭረው አድርጎ ከግድግዳው አስደገፈው። አራቱ ብሎኖች እጁ ውስጥ ነበሩ። ሴትየዋን በትከሻው ሳይነካት፣ ጥጉን ይዞ፣ አለፈና ወጣ።

«ምነው? አስቀየምኳቸው እንዴ?» ስትል ሰማ። የእህቱ ባል ምን ብሎ እንደመለሰ ግን አልሰማም፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ቀጥሎ «ወንበሩን ትንሽ ወደ መስኮቱ» አለ ካሜራ ያዡ። ሰውዬው የጋራ መኖሪያ ሕንፃውን ደረጃ እየወረደ ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ከላይ በሩ ሲዘጋ ሰማ። የእህቱ ባል በር ሲዘጋ ሕንፃው በሙሉ ይሰማዋል። ይሄኛው ግን መቀርቀሪያውን በእጁ ይዞ፣ ቀስ አድርጎ፣ ታች ላለ ሰው እንዳይሰማ ተጠንቅቆ የሚዘጋ እጅ ነበር። አንድ እግሩን በላይኛው፣ አንዱን በታችኛው ደረጃ እንዳደረገ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ ብሎኖቹን ኪሱ ከቶ ወረደ።